ሳይጣራ የመጣው ንብ አናቢ

አንድ ጊዜ ጓንጉል የሚባል ንብ አናቢ የተሰባበረ ቀፎውን ከዋንዛ ሥር ጎንበስ ብሎ ሲለቅም፣ ቀበሮ ከኋላው መጣችና ጅራቷን አጣጥፋ ቁጭ አለች። ቀፎው ተፈረካክሷል። ማሩ ከአፈር ተለውሷል። ንቦቹ ግማሾቹ ሞተዋል፤ ግማሾቹ ማረፊያ አጥተው ይዞራሉ።

ዘንድሮ ዝናቡ ቶሎ ስላቆመ ንቦቹ የሚቀስሙት የመች አበባ ውሃ ሳይጠግብ ጠውልጎ ነበር። ከጓንጉል ቀፎዎች ሁሉ የሞላው ይህ ብቻ ነው። እሱም ለልጁ ሠርግ ጠጅ የታሰበ ነበር። ሠርጉ ደግሞ ደርሷል።

ቀበሮ አብራው ያዘነች መሰለች።

«አያ ጓንጉል፣ ማን እንዳደረገው እንኳ አልጠየቅኸኝም» አለችው።

«ማን አደረገው?»

«እኔ የማንንም ስም አላነሣም። ብቻ ግንዱን ቀና ብለህ እየው።»

ጓንጉል ቀና አለ። የዋንዛውን ግንድ የድብ ጥፍር ከላይ እስከ ታች ቧጥጦታል።

ያን ግንድ እመት ድብ ዘመኗን ሙሉ ስትቧጥጠው ኖራለች። ጥፍሯን የምትስለው እዚያ ነው። ጠባሳው ደርቆ ጠቁሯል። ትናንት የተቧጠጠ እንጨት ግን እርጥብ ነው፤ ነጭ ነው። ይህን ከጓንጉል በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ነገር ግን የተናደደ ሰው ዓይኑ የሚያየው ልቡ የፈለገውን ነው። ጠባሳውን አየ እንጂ መድረቁን አላየም።

ጓንጉልና እመት ድብ ተስማምተው የሚኖሩበት ደንብ ነበራቸው። እሱ ማር ሊቆርጥ ሲመጣ ከወንዙ ማዶ ቆሞ «መጣሁ» ብሎ ይጣራል። እሷም ድምፁን ስትሰማ ልጇን ይዛ ወደ ገደሉ ዘወር ትላለች። ድብ ሳታስበው ሰው ከደረሰባት ትደነግጣለች፤ ከደነገጠች ደግሞ ትመታለች። ስለዚህ እሱ ይጣራል፣ እሷ መንገድ ትለቃለች። ቆርጦ ሲጨርስ አንድ የማር እንጀራ ከዋንዛው ሥር ካለው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ትቶላት ይሄዳል። እሷም ቀፎ አትነካም፤ ጦጣውንም ጅቡንም ከዚያ ጫካ ታርቃለች። ቀበሮም ብትሆን እሷን ፈርታ፣ የጓንጉልን ዶሮዎች ከሩቅ እያየች ምራቋን ስትውጥ ነው የኖረችው።

«ድንጋዩ ላይ የምትተውላት አነሳት መሰለኝ» አለች ቀበሮ። «እኔ ምን ቸገረኝ። ነገም እንደ ልማድህ ከሩቅ ተጣርተህ አስመልጣት።»

ጓንጉል ቤቱ ገባ። ለሚስቱ ድብ ናት ያጠፋችን ብሎ ነገራት። ሚስቱ፣ ስታደርገው አይተሃል ወይ ብላ ጠየቀችው። ግንዱን አይቻለሁ አላት። እሷም ግንድ ምስክር ሲሆን ሰምቼ አላውቅም አለችና ወደ ሥራዋ ተመለሰች። እሱ ጦሩን ሲስል ዋለ።

በማግሥቱ ጠዋት ጓንጉል ሳይጣራ ወንዙን ተሻገረ። ከቤቱ የተረፈችውን የአምና ማር እንደ ድሮው ጠፍጣፋው ድንጋይ ላይ አስቀመጠ። ከዚያ ከቁጥቋጦው ኋላ አደፈጠ።

ፀሐይዋ ሞቅ ስትል እመት ድብ መጣች። ልጇ ከኋላዋ ኩስ ኩስ ይላል። ማሩን ስታይ ቆም አለች። ጥሪ አልሰማችም፤ ማሩ ግን ተቀምጧል። ግራ ገብቷት ጥቂት አሸተተች። የጓንጉል እጅ ሸተታት፤ የጓንጉል እጅ ከሆነ ደግሞ ምን ያስፈራል? ልጇን አስቀደመችው። እሱ መላስ ሲጀምር እሷ ጀርባዋን ለቁጥቋጦው ሰጥታ ቆመችለት።

ጓንጉል ወረወረ።

ጦሩ ትከሻዋ ላይ ተሰካ። እመት ድብ እንደ ሰው በሁለት እግሯ ቆማ ዞረች። አየችው። እጇን ብትዘረጋ ትደርስበት ነበር። አልዘረጋችም። ትከሻዋን ከዋንዛው ግንድ ጋር ታክካ ጦሩን ጣለችውና ልጇን በአፏ አንጠልጥላ ወደ ገደሉ ወጣች።

ጓንጉል እዚያው ቁጭ አለ። ብዙም ሳይቆይ የደም ሽታ የጠራው አያ ጅቦ እያነከሰ ደረሰ። ፊቱ አብጦ ዓይኑ አይታይም። ከንፈሩ ዱባ አክሏል።

«ምን አገኘህ፣ አያ ጅቦ?»

«ንብ» አለ ጅብ። «ቀበሮ ቀፎው ውስጥ ጮማ አለልህ አለችኝ። እመት ድብ ስትተኛ ጠብቄ የታሰረበትን ገመድ በጥርሴ በጥሼ ጣልሁት። ጮማ የለም። እሳት ነው ያለው።» ከዚያ አፍንጫውን ወደ ድንጋዩ ቀሰረና፣ «እዚህ ግን ጮማ ሳይኖር አይቀርም። የማን ነው?» ብሎ ጠየቀ።

 ጓንጉል ተነሥቶ የደሙን ነጠብጣብ ተከተለ። ገደሉ ሥር ሲደርስ «መጣሁ» ብሎ ተጣራ።  ደግሞ ተጣራ። እመት ድብ ከዋሻው ውስጥ ሆና አቤት አለችው፤ ብቅ ግን አላለችም። ጅቡ የነገረውን ሁሉ ነገራት። በደልሁሽ አላት። ማር ለቁስል መድኃኒት ነው፣ ልቀባልሽ አላት። እስኪጨርስ ሰማችው። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ አለችው።

በነጋታው ዋሻው ባዶ ነበር። ልጇን ይዛ ተራራውን ተሻገረች፤ ቀጥሎ ያለውንም ተሻገረች። በአገራችን ድብ የጠፋው ከዚያ ወዲህ ነው ይላሉ። ጦጣው ቀፎዎቹን ለመዳቸው። ቀበሮም ዶሮዎቹን አንድ በአንድ ለቀመቻቸው። የልጁ ሠርግ በጠላ አለፈ።

ጓንጉል አረጀ። ማር ሊቆርጥ ሲሄድ ግን ከወንዙ ማዶ ቆሞ መጣራቱን አልተወም። ይጣራል፤ ጆሮውን ያቀናል፤ የገደሉ ማሚቶ ብቻ ይመልስለታል። የማር እንጀራዋንም ድንጋዩ ላይ ያስቀምጣል። ጉንዳን ይበላታል። መንገደኞች ማንን ነው የምትጠራው ሲሉት ደግሞ ይጣራል። ከዋሻው የሰማው የመጨረሻ ቃል እስከ ዛሬ ከጆሮው አልወጣም፦

«ጓንጉል፣ ስትጣራ መንገድ እለቅልህ ነበር። ዛሬ ሳትጣራ መጣህ፤ እኔም አገሩን ለቀቅሁልህ።»

ከዚህ የምንማረው በወሬኛ ቃል ጦሩን የወረወረ ሰው ጦሩን መልሶ ቢያነሣም ወዳጁን መልሶ እንደማያገኝ ነው።