የመምህር አንሴልም ዝምታ

አንድ ዝምታ ሁለት ተማሪዎችን ሊያደባድብ ትንሽ ቀርቶት ነበር።

«ሐዘን ነው አልኩሽ» አለ ባስትያን፣ ሳክስፎኑን እንደ ሕፃን ልጅ አቅፎ በክፍሉ ውስጥ እየተንጎራደደ።

«ጸሎት ነው» አለች ሶላንዥ። «ያዘነ ሰው ትከሻው ይወድቃል። የመምህር ትከሻ ሲወድቅ አይተህ ታውቃለህ?»

«ሐዘን ትከሻ ላይ ነው ብሎ የነገረሽ ማን ነው?»

«አንተ ነሃ። ባለፈው ሳምንት ትከሻህን ጥለህ ስትጫወት ሳክስፎኑ ጉልበትህን መታህ።»

«እሱ ሌላ ጉዳይ ነው» አለ ባስትያን፤ ሳያስበውም ጉልበቱን አሸት አሸት አደረገ።

ሁለቱ በአንዲት የፈረንሳይ ከተማ የሙዚቃ ትምህርት ቤት የመምህር አንሴልም ተማሪዎች ነበሩ። የሚጣሉበት ዝምታም የመምህራቸው ነው። መምህሩ «የማለዳ ወንዝ» የተባለውን ዜማ በሳክስፎን ሲጫወቱ፣ ድምፁ ከፍ ከፍ ብሎ ጫፍ ላይ ሲደርስ ድንገት ቀጥ ይላሉ። አዳራሹ በሙሉ ትንፋሹን ይውጣል። ከዚያ ቀስ ብለው ይቀጥላሉ። በዚያ ዝምታ ያለቀሱ ሰዎች አሉ። አንድ ጋዜጣ «የአገር ሐዘን ሁሉ በዚያች ቅጽበት ተሰማን» ብሎ ጽፎ ነበር። በሌላ ከተማ ያሉ ሳክስፎን ተጫዋቾችም ላለመበለጥ ሲሉ ሁለት ቦታ ላይ ዝም ማለት ጀምረው ነበር።

መምህር አንሴልም እዚህ የደረሱት በቀላሉ አልነበረም። በወጣትነታቸው በጦር ሠራዊት የማርሽ ባንድ ውስጥ እየተሰለፉ ይነፉ ነበር። ከሠራዊቱ ሲወጡ ሳክስፎናቸውን ይዘው የአንድ ትልቅ ኦርኬስትራ በር አንኳኩ። የኦርኬስትራው መሪ መሣሪያውን አይቶ «ወንድሜ፣ በር ተሳስተሃል፤ ጭፈራ ቤቱ ከመንገዱ ማዶ ነው» አላቸው።

ወጣቱ አንሴልም አልተከራከሩም። ወደ ቤታቸው ተመለሱና በየጠዋቱ አንዲት ድምፅ ብቻ፣ ረዥም አድርገው፣ እስክትጠራ ድረስ መንፋት ጀመሩ። ጎረቤቶች መጀመሪያ ላይ ግድግዳ ደበደቡ። ከዚያ ለመዱ። አንድ ቀን ጉንፋን ይዟቸው ሳይነፉ ቢቀሩ፣ አንዲት ጎረቤታቸው በራቸውን አንኳኩታ «ዛሬ በእርስዎ ምክንያት ከሥራ አረፈድኩ» ብላ ተቆጣቻቸው።

ያቺ አንዲት ድምፅ ጠርታ ስትወጣ በሮቹም ተከፈቱ። ትልልቅ የዜማ ደራሲዎች ለሳክስፎን ጻፉላቸው። ያ ኦርኬስትራም አክብሮ ጠራቸው። በመጨረሻ ይህ ትምህርት ቤት የሳክስፎን ክፍል ከፈተላቸው። ክፍሉ ምድር ቤት፣ ከማሞቂያው ጎን ነበር፤ ለእሳቸው ግን ቤተ መንግሥት ነበር።

አሁን አርጅተው ጡረታ ሊወጡ ነው። አዲሱ የትምህርት ቤቱ ኃላፊ ቁርጡን ነግሯቸዋል። ዛሬ አንድ ብቁ ተተኪ ካላሳዩት ክፍሉ ተዘግቶ የተሰበሩ ወንበሮች ማከማቻ ይሆናል። ዕድሜ ልካቸውን የደከሙበት ነገር ለወንበር ሊሆን ነበር።

ጠቡ ገና ሳይበርድ መምህሩና ኃላፊው አብረው ገቡ። ኃላፊው ተቀምጦ «እንግዲህ እንስማ» አለ።

ባስትያን ቀደመ። በእርግጥም ጥሩ ይነፋ ነበር። ድምፁ ጫፍ ላይ ሲደርስ ቀጥ አለ፤ ዓይኑን ጨፈነ፤ ትከሻውን በጥንቃቄ ጣለ። ኃላፊው ጠበቀ። መምህሩን አየ። ማሞቂያውን አየ። በመጨረሻ አጨበጨበና «በጣም ጥሩ ነው፤ አጭር መሆኑም ደስ ይላል» አለ።

ባስትያን አንድ ዓይኑን ገለጠ። «ገና መሃል ላይ ነኝ» አለ።

ሶላንዥ ተከተለች። እሷም ያችው ቦታ ላይ ስትደርስ ቆመች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ባስትያን እየቆጠረች ነው ይላል፣ እሷ ግን ጸሎት ነው ትላለች። ኃላፊው በዚህ ጊዜ አላጨበጨበም።

«ይቅርታ አድርጉልኝና» አለ፣ «ይህ ዜማ ሁልጊዜ እዚህ ቦታ ላይ ነው የሚበላሸው?»

«አልተበላሸም» አለ ባስትያን። «ይህ የመምህር ዝምታ ነው።»

«እንግዲያው ከራሳቸው ልስማው።»

መምህር አንሴልም ሳክስፎናቸውን አንስተው መንፋት ጀመሩ። ድምፁ ወጣ፣ ወጣ፣ ጫፍ ላይ ደረሰ፣ ምንም ሳይቆም ከጫፉ ወዲያ ፈሰሰ። ሁለቱ ተማሪዎች ተያዩ። ሲጨርሱ ሶላንዥ ጠጋ አለችና በሹክሹክታ «መምህር፣ ረሱት» አለቻቸው።

«ምኑን ልጄ?»

«ዝምታውን።»

መምህሩ ወንበር ስበው ተቀመጡ። «አልረሳሁትም። አዲስ ጥርስ አስተክዬ ነው» አሉ።

ማንም የገባው አልነበረም።

«ማርሽ ባንድ ውስጥ ሳለሁ ከኋላዬ ትሮምቦን የሚነፋ ሰው ይሰለፍ ነበር። ትሮምቦን እየተዘረጋና እየታጠፈ ነው የሚነፋው። አንድ ቀን አዛዡ ወደ ኋላ ዙር ሲል እኔ ዞርኩ፤ እሱ ግን አልሰማም። የተዘረጋው ትሮምቦን የላይኛውን የፊት ጥርሴን ይዞት ሄደ። በምትኩ ርካሽ ጥርስ አስተከልኩ። ሳክስፎን ስንነፋ ደግሞ መሣሪያው ጫፍ ላይ የሚያርፈው ያው የፊት ጥርስ ነው። ያቺ ከፍተኛ ድምፅ ላይ ስደርስ ጥርሱ ይነቀላል። በምላሴ ገፍቼ ቦታው እስክመልሰው ዝም እላለሁ። ምን ላድርግ፣ ልዋጠው?»

«መምህር፣ እየፈተኑን ነው» አለ ባስትያን።

መምህሩ አፋቸውን ከፍተው በጣታቸው አሳዩት። ኃላፊው ጎንበስ ብሎ ተመለከተና «ጥሩ ሥራ ነው፤ የት አሠሩት?» አለ።

«ባለቤቴ ናት የወሰደችኝ። ጥርሴ እንግዳ ፊት ሾርባ ውስጥ ሲወድቅ መሯት።»

ሶላንዥ ግን አልሳቀችም። «ለምን ሳይነግሩን ቀሩ?» አለች።

ሽማግሌው ሳክስፎናቸውን ጭናቸው ላይ አጋደሙት። «መጀመሪያ በተጫወትኩት ማግስት ጥርሴን ያየ ሰው ይኖር ይሆን ብዬ እየፈራሁ ጋዜጣ ገለጥኩ። አገሩን አስለቀሰ ይላል። በነጋታው አንድ ሰው እንባውን እየጠረገ መጥቶ እጄን ጨበጠኝ። እጅሽን ይዞ ለሚያለቅስ ሰው ጥርሴ ነው ትይዋለሽ? ነገ እናገራለሁ አልኩ። ነገ ሌላ ሰው መጣ። እያደር ውዳሴው ጣመኝ፤ እናንተ ስትጣሉበት እንኳ ዝም አልኩ።»

«እኔ ይህን ዝምታ ጥርሴን ነክሼ ነው የተማርኩት» አለ ባስትያን።

«የእኔ ችግር የምነክሰው ማጣቴ ነበር።»

«የእርስዎ ዝምታ ጥርስ ቢሆንም የኔ እውነተኛ ሐዘን ነው።»

«ለማን አዝነህ?»

ባስትያን ብዙ አሰበ። «ለእርስዎ ሐዘን» አለ።

መምህሩ በፍቅር ሳቁ። «አሁን ያለ ዝምታው ተጫወቱልኝ» አሉ።

ባስትያን ራሱን ነቀነቀ። ያለ ዝምታው ዜማው ባዶ ነው ብሎ ሳክስፎኑን ወደ ሳጥኑ መለሰው። ሶላንዥ ግን የራሷን አነሳች። ያቺ ቦታ ላይ ስትደርስ ምላሷ በራሱ ጊዜ ወደ ጤነኛው ጥርሷ ሄደ፤ ቆመች። እንደገና ጀመረች፤ እንደገና ቆመች። በሌላው ሙከራዋ ግን ፊቷ ቀልቶ፣ ድምፁ እንደ ዝይ ጮኾ፣ ተንገዳግዳ አለፈች። ከዚያ ወዲያ ያለው ዜማ ከፊተኛው ጋር ሲገናኝ ክፍሉ ውስጥ ያለው ሁሉ አንድ ነገር ገባው፤ ወንዝ ነበር፣ ወንዝ ደግሞ መሃል መንገድ ላይ አይቆምም።

«ወንበሮቹን ሌላ ቦታ እፈልግላቸዋለሁ» አለ ኃላፊው፤ መምህሩን እጅ ነስቶም ወጣ።

መምህር አንሴልም ተነሡ። የክፍሉን ቁልፍ ከኪሳቸው አውጥተው በሶላንዥ የኖታ ማስቀመጫ ላይ አኖሩት። ባርኔጣቸውን አደረጉ፤ ምንም ሳይሉ በሩን ከፍተው ሄዱ።

ባስትያን የእግራቸው ኮቴ እስኪርቅ ጠበቀ። ከዚያ ዓይኑ እየበራ ወደ ሶላንዥ ዞረ።

«ልብ ብለሻል? አንድ ቃል አልተናገሩም። ይሄኛው እንኳ ጥርስ አይደለም። ምን ማለታቸው ይመስልሻል? ስንብት ነው ወይስ ተግሣጽ?»

ሶላንዥ ልትመልስለት አፏን ከፈተች። መልሳ ዘጋችው። ቁልፉንና ሳክስፎኗን አንስታ፣ ቃል ሳትተነፍስ ጥላው ወጣች።

ከምናከብራቸው ሰዎች የምንወርሰው ሁሉ ጥበብ አይደለም። አንዳንዱ የተደበቀ ሕመማቸው ነው። እኛ ደግሞ ሕመሙን ከጥበቡ አብልጠን እናጠናለን፤ መኮረጅ የሚቀለው እሱ ነውና። መምህር አንሴልም በየጠዋቱ ያጠሯት ያቺ አንዲት ድምፅ እዚያው ነበረች፤ ስለ እሷ ግን ማንም አልተጣላም። የምንከበር ከሆንንም፣ ሰው ጉድለታችንን ሲያደንቅልን እውነቱን ቶሎ መናገር ይሻላል፤ ከቆየ ጉድለቱ ትምህርት ይሆናል።

እናንተስ፣ ሌላ ሰው ጥርሱ ስለወለቀ ብቻ ዝም የምትሉበት ቦታ የት ነው? መልሱን ካገኛችሁ ታሪኩን ለሌላ ሰው ንገሩት። ስትነግሩት ግን እዚህ ጽሑፉ በቆመበት ቦታ ሁሉ መቆም የለባችሁም።