የተተረተረችው ወፍ

አንዲት ሴት ነበረች። ባለጠጋ፣ ባለሙያ፣ ግን ዓይኗ ጉድለት ብቻ ለቃሚ። አስካለ፣ «አክስቴ፣ ልጄ የጻፈችውን ሁሉ መልሳ ለምን ታጠፋዋለች?» ብለሽ ጠየቅሽኝ አይደል? እንግዲያው ሳታቋርጪኝ ስሚ።

ይህች ሴት አንዲት ልጅ ነበረቻት። በአገራቸው ሴት ልጅ መርፌ መያዝ ስትጀምር ቁራጭ አቡጀዲ ይሰጣታል። በዚያ ላይ ፊደሉን፣ ሐረጉን፣ ወፉን እየጠለፈች እጇን ታፍታታለች። ሲያልቅ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፤ እንግዳ ያየዋል። እናቲቱን ያንገበገባት ይኸው ነው፤ እንግዳው! ልጅቱ ወፍ ትጠልፋለች፤ ወፊቱ ዶሮ ታክላለች፣ አንድ እግሯም በጅራቷ በኩል ይወጣል። «ወይ አበሳዬ! ይሄ ምኑ ወፍ ነው?» ትልና እናቲቱ ጨርቁን ቀምታ እዚያው ልጅቱ ፊት ትተረትረዋለች። «በይ እንደገና!» ልጅቱ ትጠልፋለች፣ እሷ ትተረትራለች። ዓመት አለፈ፤ አቡጀዲው ተበሳስቶ ባዶውን ቀረ።

የከተራ ዕለት እናቲቱ ለጥምቀት ለራሷ የምትጠልፈው ቀሚስ አንዲት አበባ ቀረችው። እንግዳ ደግሞ ደጅ ደርሷል። ቢቸግራት ቀሚሱን ለልጅቱ ወረወረችላት፤ «እባክሽ ይችን እንኳ እኔ እንደምሠራው ሥሪልኝ!»

እንግዳዋን ሸኝታ ስትመለስ ቀሚሱ ከደረቱ እስከ ጠርዙ አንድ አበባ የለበትም። የሐር ክሩ በየቀለሙ ተጠቅልሎ ልጅቱ ጎን ተደርድሯል።

«እማዬ፣ እዪልኝ! አንዱንም ክር አልበጠስኩም!»

«ጉድ አፈላሽብኝ! ማነው እንዲህ ያስተማረሽ?»

«አንቺ ነሻ!» አለች ልጅቱ ግራ ገብቷት። «ጨርቄ ላይ ሌላ ምን ስትሠሪ አይቻለሁ?»

እናቲቱ ቀሚሱን ልጅቱ ጭን ላይ ዘረጋችው። «በይ ደረቱ ላይ ያችን ወፍሽን ጥለፊልኝ» አለችና ሁለት እጇን ከሥሯ አድርጋ ተቀመጠችባቸው፤ መተርተር እንዳያምራቸው! በነጋታው ሌላ ቀሚስ ሞልቷት ሳለ እግሯ በጅራቷ የወጣ ወፍ ደረቷ ላይ ይዛ ጥምቀተ ባሕር ወረደች።

እና አስካለዬ፣ ያች እናት አንቺ ነሽ፣ ወፏም የልጅሽ ፊደል ናት። አሁን እያዋየሽኝ እንኳ «ሀ ፊደሏ ተንጋደደች» ብለሽ ስታጠፊባት አላየሁሽም? ልጅሽ ምንም አልነካት፤ ካንቺ ያየችውን ነው የምትሠራው። በይ ያንን ላጲስ ወዲህ አምጪው። አምጪው እንጂ! እጅሽንም ተቀመጪበት።