አያ ጅቦ ለሠርጉ ማር የላሰ ጊዜ

ተጠጉ፣ ተጠጉ። «ተረት ተረት» ስላችሁ «የላም በረት» ማለት ለምዳችኋል፤ ላሟ ዛሬ ትረፍ። ዛሬ «የጅብ ጥርስ» በሉኝ። ተረት ተረት! እሰይ፣ እንዲህ ነው እንጂ። ያቺ ከኋላ የተቀመጠችው ግን ጉንጯ ውስጥ ከረሜላ ስላለ ድምጿ አልወጣም። አይቼሻለሁ፤ ተረቱ ያንቺ ነው።

በድሮ ጊዜ፣ እንስሳት ብቻ ሳይሆኑ ጥርስና እንጨት እንኳ ይናገሩ በነበረ ዘመን፣ አንድ አያ ጅቦ ነበረ። ማንጠግቦሽ የምትባል የጅብ ቆንጆ አጭቶ ሠርጉ ተቃርቧል። በጅቦች ዘንድ ደግሞ አንድ ወግ አለ። ሙሽራው በሠርጉ ዕለት አማቱ ፊት ቀርቦ የበሬ ጭን አጥንት በጥርሱ ይሰብራል፤ መቅኒውን አውጥቶ ሙሽሪትን ያጎርሳል። ከሰበረ አገባ። ካልሰበረ ጭራውን ሸጉጦ ወደ ቤቱ ይመለሳል።

አያ ጅቦ አጥንቱን አልፈራም። የፈራው የአፉን ሽታ ነው። «ማንጠግቦሽ አፍንጫዋን ብትይዝብኝስ?» ብሎ ተጨነቀ። ስለዚህ በየምሽቱ ወደ ቀፎ እየሄደ ማር ይልስ ጀመር። «አፌ ጣፈጠ» ይልና ሳይጉመጠመጥ፣ ሳይፋቅ ጥቅልል ብሎ ይተኛል። ማሩ ግን አይተኛም፤ ጥርሱ ላይ ተለጥፎ ሥራውን ይሠራል።

በቀኝ በኩል፣ ከታች፣ አንድ ትልቅ መንጋጋ ጥርስ ነበረው። አጥንት ሰባሪው እሱ ነው። መንጋጋው፣ «ጌታዬ፣ ይኸ ማር እየጎዳኝ ነው!» አለ። አያ ጅቦ፣ «አጥንት ያልጎዳህን ማር ይጎዳሃል?» ብሎ ሳቀበት።

ሠርጉ አንድ ቀን ሲቀረው መንጋጋው ጠዘጠዘው። ቀዝቃዛ ውኃ ሲጠጣ ጥዝዝ! ትኩስ ሥጋ ሲነክስ ጥዝዝ! አያ ጅቦ ጉንጩን ይዞ እንደ ቡችላ አለቀሰ። ሳቁበት ካላችሁ ሳቁ፤ እኔን ግን አሳዘነኝ።

መጀመሪያ ወደ አባ ዝንጀሮ ሄደ። አባ ዝንጀሮ በአገሩ የታወቀ ጥርስ አጫሽ ነው።

«አባ ዝንጀሮ፣ ጥርሴ ገደለኝ!»

«ትል ነው» አለ አባ ዝንጀሮ፣ ሳያይ። «ጥርስህ ውስጥ ትል ገብቷል። በጭስ እናወጣዋለን።»

የጋለ ድንጋይ ላይ የደረቀ ፍሬ በተነ፤ ከጎኑ ውኃ በገበቴ አስቀመጠ፤ አያ ጅቦን በጋቢ ሸፍኖ አፉን አስከፈተው። ጭሱ ተንቦለቦለ። አያ ጅቦ ሳለ፣ አነጠሰ፣ ዕንባውን አዘራ። ፍሬው ከሙቀቱ የተነሣ ጧ ጧ እያለ ፈነዳና ከውስጡ የወጣው ነጫጭ ነገር ውኃው ላይ ተንሳፈፈ።

«ይኸው ትሉ!» አለ አባ ዝንጀሮ፣ ከልቡ አምኖ።

መንጋጋው ከውስጥ ጮኸ። «እሱ የፍሬው ቡቃያ ነው! ከእኔ ምንም አልወጣም! እኔ የተቦረቦርኩ ጥርስ ነኝ!»

ማን ይስማው። አያ ጅቦ አመስግኖ ወጣ። ገና ደጃፉን ሳያልፍ ጥዝዝ!

ቀጥሎ የሄደው ወደ እሜት አህዪት ነው። አዎ፣ ጅብ ወደ አህያ! ጥርስ ያመመው የማይሄድበት የለም።

«እሜት አህዪት፣ ጥርሴን በገመድ ጎትተሽ ንቀዪልኝ።»

አህዪት ጆሮዋን አቆመች። «አንተ አንድ ጥርስ ሲጎድልህ የእኔ እግር እፎይ ይላል። በደስታ ነው እንጂ!»

መንጋጋው፣ «አታስነቅለኝ! ተቦረቦርኩ እንጂ አልሞትኩም!» እያለ ለመነ። አያ ጅቦ አልሰማም። የገመዱን አንድ ጫፍ አህዪት ጭራ ላይ፣ ሌላውን ጥርሱ ላይ አሰረ። ግን የገዛ አፉን ውስጥ ማየት ስለማይችል ያሰረው ከመንጋጋው ጎን ያለውን ደህናውን ጥርስ ነው። አህዪትም የጅብ ትንፋሽ ከኋላዋ ሲሰማት አላስቻላትም፤ ፈረጠጠች። ጥርሱም ተከትሏት ሄደ።

አያ ጅቦ አፉን በምላሱ ዳበሰ። ደህናው የለም። በሽተኛው አለ። ጥዝዝ!

«እኔ ብሎ የነገ ሙሽራ!» አለና አንድ የወይራ ዛፍ ሥር ተዘርፍጦ አነባ።

ወይራው ላይ ግንደ ቆርቁር፣ ያቺ ግንድ በምንቃሯ የምትፈለፍለው ወፍ፣ ሥራ ላይ ነበረች። ልቅሶውን ሰምታ ቆም አለች።

«ምን ሆነሃል አያ ጅቦ? እስቲ አፍህን ክፈት። ከዚሁ ሆኜ ልይህ።»

ከፈተላት። አንገቷን ዘንበል አድርጋ አየች፤ ደግማ አየች።

«ድድህ አብጦ ቀልቷል። በጥርስህና በድድህ መሃል ቆሻሻ ተጋግሮ ድንጋይ ሆኗል። አፍህ የሚሸተው በሱ ነው። መንጋጋህ ደግሞ ተቦርቡሯል።»

«ትል ነዋ!»

«ምን ትል አመጣህ! ማር ነው። ጣፋጭ ጥርስ ላይ ሲያድር በዓይን የማይታዩ ተሕዋስያን ይበሉታል፤ እነሱ የሚተፉት ኮምጣጣ ነገር ጥርስህን ይሸረሽረዋል። ጥርስ እንደ ቤት ነው። ውጭው ጠንካራ ግድግዳ ነው፤ ከሱ ቀጥሎ ለስለስ ያለ ልስን አለ፤ ጓዳው ውስጥ ነርቩ ተኝቷል። ያንተ ቀዳዳ ልስኑ ጋ ደርሷል። ቀዝቃዛና ትኩስ የሚጠዘጥዝህ ለዚህ ነው።»

«ጓዳው ቢደርስስ?»

«ያኔ ነርቩን አውጥቶ እስከ ሥሩ ማጽዳት ነው። ያም ካልሆነ መንቀል። ይኸኛው ግን ተጠርጎ ቢሞላ ይድናል።»

መንጋጋው እልል አለ።

«ታዲያ ሙዪልኝ!» አለ አያ ጅቦ።

«እንዴት ብዬ? አፍህ ውስጥ ገብቼ ብትዘጋብኝስ?»

«እምልልሻለሁ!»

«የጅብ መሐላ ይቅርብኝ።»

ይኼኔ ወይራው ቅጠሉን አንሿሿ። «አንድ ቅርንጫፍ ልስጣችሁ» አለ። «ከላይና ከታች ጥርሱ መሃል አቁሙት። ሥራው ሲያልቅ ጫፉን አኝኮ መፋቂያ ያድርገው።»

ቅርንጫፉ ቆመ። ግንደ ቆርቁር ገባች። ቆር፣ ቆር፣ ቆር! የበሰበሰውን እየፈለፈለች ጠረገች። አንድ ቦታ ላይ አያ ጅቦን በጣም አመመው። አፉ ሊዘጋ ቃጣ፤ ቅርንጫፉ ሲጥ አለ።

ግንደ ቆርቁር በድንጋጤ ቆመች። «አያ ጅቦ» አለች በቀጭኑ፣ «ጎጆዬ ውስጥ ልጆች አሉኝ።»

አያ ጅቦ ዓይኑን ጨፈነ፤ ጥፍሩን መሬት ውስጥ ሰካ። አፉን ግን አልዘጋም። በሕይወቱ ከሰበረው አጥንት ሁሉ ይኸ ይበልጥ ከበደው።

እሷም ቀዳዳውን በዛፍ ሙጫ ሞላችው፤ የተጋገረውን ድንጋይ ከድዱ ሥር ፍቃ አነሳች። «ጥቂት ይደማል፤ ሲጸዳ ይድናል» አለችው። «ሙሌቱ እስኪደርቅ ዛሬ በዚያ በኩል አታኝክ። ማር ካማረህ ላስ፤ ግን ተጉመጥመጥ፣ ተፋቅ፣ ከዚያ ተኛ።»

ሠርጉ ደረሰ። አማትየው ዝሆን የምታህል ጅብ ናት። አጥንቱን ከመስጠቷ በፊት፣ «አፍህን ክፈት!» አለች። ከፈተ።

«አንድ ጥርስ ጎድሏል። ምን በላው?»

አያ ጅቦ ከአንበሳ ጋር ተጣላሁ ሊል አማረው። መንጋጋው ከውስጥ ጠቅ አደረገው።

«አህያ ወሰደችው» አለ።

ጅቦቹ በሳቅ ፈረሱ። አማትየው መሬት ላይ ተንከባለለች። ማንጠግቦሽ ዕንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። እነሱ ሲስቁ አያ ጅቦ አጥንቱን ነከሰ። ቋ! ለሁለት ተከፈለ። «አለሁ!» አለ መንጋጋው።

አያ ጅቦ መቅኒውን አውጥቶ ወደ ሙሽሪት ተጠጋ። ማንጠግቦሽ አሸተተችው። አያ ጅቦ ትንፋሹን ዋጠ።

«ወይራ ወይራ ትላለህ» አለችና ጎረሰች።

አህዪት ያቺን ጥርስ እንደ ክታብ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ትዞራለች ይባላል። ጅቦችም እሷን ባሰቡ ቁጥር ይስቃሉ፤ ከዱር የምትሰሙት ሳቅ እሱ ነው። እንግዲህ ጥርሳችሁን ሲያማችሁ ከጭስና ከገመድ በፊት አፋችሁን ከፍቶ የሚያይላችሁን ፈልጉ።

ተረቴን መልሱልኝ። እኔ አፌን በዳቦ ላብስ፤ እናንተ አፋችሁን ተጉመጥመጡ። አንቺ ከኋላ ያለሽው፣ ከረሜላውን ጨረስሽ አይደል? ነይ፣ መፋቂያው እዚህ አለ።