አራት ጣት ለታንኳው

በጣና ዳርቻ አንድ ሰው «ለመክሳት ብዬ ምግብ ቀየርሁ» ካለ፣ ሽማግሌዎች ፈገግ ብለው የሚመልሱለት አባባል አለ። አባባሉ የተወለደው ታንኳ አጠገብ ነው።

ባላምባራስ አዳሙ በር የሚጠባቸው ሰው ነበሩ። ሐይቁ ውስጥ ወዳለ ደሴት የተዳረችው ልጃቸው ወንድ ልጅ በወለደች በሦስተኛው ቀን፣ አራስ ሊጠይቁ ወደ ዳርቻው ወረዱ። ቀዛፊው ካሴ ታንኳው ላይ አስቀመጣቸውና ከውሃው እስከ ጠርዙ ያለውን በጣቱ ለካ።

«ሁለት ጣት ነው የቀረው። ማዕበል አለ፤ ከአራት ካነሰ አልሄድም። ይውረዱ።»

«የልጅ ልጄን ሳላይ?»

«ክርስትናው ገና በአርባ ቀኑ ነው፤ እስከዚያ ይክሱ። እኔን ይዩኝ፣ ከዳጉሳ በቀር አልበላም።»

ካሴ እንደ መቅዘፊያው ቀጭን ስለነበር ባላምባራስ አመኑት።

ከዚያች ቀን ጀምሮ ጤፍ ደጃቸውን አልረገጠም። ጠዋት የዳጉሳ ገንፎ፣ ቀን የዳጉሳ ቂጣ፣ ማታ ደግሞ ገንፎው በዳጉሳ ጠላ። ባለቤታቸው ወይዘሮ አትጠገብ «ዳጉሳ ደረቅ ነው፣ ጉሮሮ ይቧጥጣል» እያሉ የገንፎውን ጉድጓድ በቅቤ ይሞሉታል። ቅቤው አልቆ ገንፎ ሲተርፍ ቅቤ ይጨመራል፤ ገንፎው አልቆ ቅቤ ሲተርፍ ገንፎ ይጨመራል።

«አይበቃዎትም?»

«መድኃኒት ሲበዛ ቶሎ ያድናል!»

በአርባኛው ቀን ንጋት ላይ ወይዘሮ አትጠገብን የቅቤ ቅል አስይዘው ወረዱ። ዳርቻው ላይ አያ ቢሰውር የሚባሉ አዛውንት ዓሣ አጥማጅ መረባቸውን ይጠግናሉ። ባላምባራስ ታንኳው ላይ ተቀመጡ፤ ካሴ ለካ። አንድ ጣት!

«ጨመሩ እኮ!»

«ጣትህ ወፍሮ ይሆናል!»

«ምን ሲበሉ ከረሙ?»

«ዳጉሳ ብቻ፣ ማርያምን!»

«በምን?»

«በምንም። በቅቤ ብቻ።»

ከደሴቱ የቅዳሴ ደወል ተሰማ። ባላምባራስ እያጉረመረሙ ወረዱ፤ በቦታቸው ወይዘሮ አትጠገብ ቅሉን ታቅፈው ተቀመጡ። ካሴ ለካ፤ አራት ጣት ተኩል።

«ሕፃኑን ሳሚልኝ!» አሉ ባላምባራስ፣ ታንኳው ሲርቅ። ከዚያም ወደ አዛውንቱ ዞሩ፤ «አያ ቢሰውር፣ ካሴ ዳጉሳ ያከሳል ብሎኝ አልነበር?»

አያ ቢሰውር ሐይቁን እየተሻገረ ያለውን የቅቤ ቅል በዓይናቸው ተከትለው፣ «ዳጉሳ ቢያከሳ፣ ቅቤው መች ረሳ!» አሉ።