የሰርጉ አንደኛ ሚዜ

አቶ ልሳነወርቅ የሚባሉ፣ የራሳቸውን ንግግር መስማት እጅግ የሚወዱ አንድ የወረዳ ሹም ነበሩ። አንድ ቀን የድንጋይ በር መንደርን ሕዝብ በትምህርት ቤቱ ግቢ ሰብስበው፣ ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ ልጆቹ ከወንዙ ማዶ ካለው ከዋርካ ሜዳ ትምህርት ቤት ጋር እንደሚቀላቀሉ አስታወቁ። ወንዙ ድልድይ የለውም፤ ትምህርት በሚከፈትበት በመስከረም ደግሞ ሙላቱ ገና አይጎድልም። ስለዚህ ሕዝቡ አጉረመረመ።

ሹሙ ግን ፈገግ ብለው፣ «ምን ያስከፋችኋል? ይህ እኮ ጋብቻ ነው!» አሉ። «የእናንተ ትምህርት ቤት ሙሽሪት፣ የማዶው ሙሽራ ነው። ሙሽሪት ወደ ባሏ ቤት መሄዷ ያባቶቻችን ደንብ ነው፤ እኔም የሰርጉ አንደኛ ሚዜ ነኝ! ደንብ የሚቃወም ካለ ይነሣ።»

ደንብን ማን ይቃወማል? ሽማግሎቹ አንገታቸውን ደፉ። በዚህ ጊዜ ሦስት ልጆቿን እዚያው የምታስተምር አንዲት ጠላ ሻጭ ነጠላዋን አስተካክላ ተነሣች።

«ጌታዬ፣ እኛስ ደንቡን ተቀብለናል፤ ሙሽሪት ትሂድ» አለች።

ሹሙ አጨበጨቡ። «እንዲህ ያለች አስተዋይ አትጥፋ!»

«ታዲያ በአገራችን ደንብ ሙሽሪት በእግሯ ወንዝ አትሻገርም፤ አዝሎ የሚያሻግራት አንደኛ ሚዜው ነው። የእኛዋ ሙሽሪት ደግሞ መቶ ያህል ልጆች ናት፤ በየማታውም ወደ እናቷ ቤት ትመለሳለች። እንግዲህ ሰኞ ማለዳ ሱሪዎን ሰብስበው ከመሻገሪያው ይጠብቁን። ጀርባዎን አደራ!»

ሰርጉ ድልድይ እስኪሠራ ድረስ ተላለፈ።