ክንፍ ላይ የቆመው አጥቂ

አንድ ቱሊዮ የሚባል ኳስ ተጫዋች በጣልያን አገር፣ በአንዲት የወደብ ከተማ ይኖር ነበር። ዘመኑ እግር ኳስ ገና ዳዴ የሚልበት ነው። ተጫዋቾቹ ስድስቱን ቀን ድንጋይ ሲጠርቡ፣ ገመድ ሲገምዱ ሰንብተው እሁድ እሁድ ይጫወታሉ። ቱሊዮም ድንጋይ ጠራቢ ነበር። ሜዳ ሲገባ ግን የመሃል አጥቂ ነው። ኳስ እግሩ ከገባች ወይ ጎል ትሆናለች ወይ ትጠፋለች እንጂ ለሌላ ሰው አትደርስም።

በግራ ክንፍ ናዛሬኖ የሚባል ገመድ ሠሪ ይሮጣል። ሰባት ዓመት ሙሉ ባዶ ቦታ ላይ ቆሞ እጁን እያነሳ ኳስ ለምኗል። የከተማው ሰው "ተማሪው" ብሎ ስም አወጣለት፤ እጁን ያወጣል፣ የሚጠይቀው የለም። ቱሊዮም አብሮ ይስቃል። "ተማሪው፣ ዛሬም መልሱን ታውቀው ነበር?" ይለዋል። ናዛሬኖ አይመልስለትም፤ በሆዱ ግን ይይዘዋል።

አንድ እሁድ ቁርጡ የሚለይበት ግጥሚያ መጣ። ካላሸነፉ፣ እኩል እንኳ ከወጡ፣ ቡድኑ ከአንደኛው ምድብ ይወርዳል። ጨዋታው ገና ከመጀመሩ አንድ ግዙፍ ተከላካይ ቱሊዮ ላይ ወደቀበትና ጉልበቱ ዞረ። በዚያ ዘመን ተቀያሪ የሚባል ነገር የለም፤ የተጎዳ ሰው ወደ ክንፍ ይወጣና ለቁጥር ያህል ይቆማል። አምበሉም "ቱሊዮ፣ አንተ ወደ ጠርዝ። ናዛሬኖ፣ መሃል ግባ" አለ።

ቱሊዮ እያነከሰ ወጣ። አንካሳን ማን ይጠብቃል? ተከላካዮቹ ትተውት ሄዱ። ያኔ ሜዳውን ለመጀመሪያ ጊዜ በሙሉ አየው፤ መሃል እያለ የሚያየው ኳሷንና የሰው ቅልጥም ብቻ ነበር። ናዛሬኖ ኳስ ይዞ ሲመጣ ቱሊዮ እጁን አነሳ፣ ጮኸ። ናዛሬኖ ግን ሦስት ሰው መሃል ገብቶ ኳሷን ተቀማ። ደግሞም እንዲሁ ሆነ፤ ደግሞም።

እረፍት ላይ ሎሚ እየመጠጡ ሳለ ቱሊዮ ሄዶ ናዛሬኖ አጠገብ ተቀመጠ።

"ቂምህን ተወጣህ አይደል? ብቻዬን ቆሜ እያየኸኝ።"

"አላየሁህም።"

"ጉሮሮዬ እስኪደርቅ ስጮህ?"

"አልሰማሁም አልኩህ። እዚያ መሃል የሚሰማው የራስ ትንፋሽ ነው።" ናዛሬኖ የሎሚውን ልጣጭ ጣለ። "እኔም እኮ ሰባት ዓመት፣ እያየ ነው የሚንቀኝ ስልህ ኖሬያለሁ።"

ቱሊዮ "አላየሁህም ነበር" አለ። "መሳቁን ግን ስቄብሃለሁ። ይቅር በለኝ።"

"እሱን አውቃለሁ። ተነስ አሁን፣ እየጠሩን ነው።"

ጨዋታው ያለ ጎል ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ናዛሬኖ ኳሷን ረግጦ ቀና አለ። ቱሊዮን በዓይኑ ፈልጎ አገኘውና ላከለት። ጎሉ ከፊቱ ነው። የሰባት ዓመት ልማዱ "ምታት" አለው። ቱሊዮ ግን እሱም ቀና ብሎ አየ፤ ናዛሬኖ እየሮጠ ደርሷል። በታመመው ጉልበቱ ቆሞ በደህናው እግሩ ገፋ አድርጎ አቀበለው። ናዛሬኖም አገባት።

ቡድኑ አልወረደም። የቱሊዮ ጉልበት ግን አልዳነም፤ ተመልሶም አልተጫወተም። በማግስቱ ከተማው የሚያወራው ስለ ናዛሬኖ ብቻ ነበር። ቱሊዮ ድንጋዩን እየጠረበ ሲሰማ ዋለ፤ አልከፋውም።

መሃል ያለ ሰው ጠርዝ ላይ ያለውን የማያየው ሁልጊዜ ንቆት አይደለም፤ የራሱ ሩጫ ዓይኑን ይዞት ነው። ያላዩትን ሰው መሳቂያ ማድረግ ግን ሌላ ነው፤ እሱ ይቅርታ መጠየቅን ይፈልጋል። ጠርዝ ላይ የቆመውም ነገሩን በሆዱ ይዞ ከመክረም ቀርቦ ቢናገር ሰባቱ ዓመት ባጠረ ነበር። ኳስን ረግጦ ቀና ማለት የአፍታ ሥራ ነው። እስቲ እናንተስ፣ በቤታችሁም በሥራችሁም፣ ዛሬ ቀና ብትሉ ከማዶ ማንን ቆሞ ታገኙት ይሆን?