አልሻገርም ያለው አይበገሬ

ጠጋ በሉና ስሙኝ፤ በብርድ ቀን ወሬ ያሞቃል።

በመንዝ፣ ሐምሌ ላይ ነው። ሽታዬ፣ አስካለና ይርገዱ የሚባሉ ሦስት ባልንጀሮች ለአራስ ጓደኛቸው ቅቤና የገንፎ ዱቄት ይዘው በጭጋጉ ውስጥ መንገድ ጀመሩ። ጓደኛቸው ወንዝ ማዶ ተድራ ዘመድ በሌለበት አገር ነው የወለደችው። ከፊት የሽታዬ ውሻ አይበገሬ፣ ከኋላ የአስካለ ውሻ ዳልቻ ይሄዳሉ። ሽታዬ መንገዱን ሙሉ በውሻዋ ስትኮራ መጣች።

ከወንዙ ሲደርሱ አይበገሬ የእንጨቱን ድልድይ በአንድ እግሩ ረገጥ አደረገው፤ እግሩን መልሶ አነሳና ቁጭ አለ። ዳልቻም አጠገቡ ቁጭ አለች።

«አይበገሬም ተበገረ» አለች አስካለ እየሳቀች።

«ትተናቸው እንሂድ» አለች ይርገዱ።

«ማታ ስንመለስ ጅቡን አንቺ ታባርሪዋለሽ?» አለች ሽታዬ። ጎንበስ ብላ ድልድዩን በእጇ ገፋችው፤ ወዲያና ወዲህ ተወዛወዘ። ጎርፉ ከሥሩ ያለውን አፈር በልቶታል። «ውሻዬ ፈርቶ አይደለም፤ አውቆ ነው። ከሥሩ ድንጋይ እናግባለት።»

ዳገቱ ላይ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ አገኙ። ሦስቱም ትንፋሻቸው እስኪያጥር ገፉት።

ድንጋዩ አልነቃነቅም አለ፤ ድልድዩ አልጸናም አለ፤ ውሻው አልሻገርም አለ።

ከዳገቱ በላይ ጋሽ ደምሰው በሬያቸውን ይጠብቃሉ።

«ጋሼ፣ በሬዎን ለአንድ አፍታ ያውሱን» አለቻቸው ሽታዬ።

«ውሰዱት። ግን በዚህ ብርድ ጨው ካልላሰ አይጎትትም፤ የኔ ደግሞ አልቋል። እማማ ብዙነሽን ጠይቁ።»

በሬው አልጎትትም አለ፤ ድንጋዩ አልነቃነቅም አለ፤ ድልድዩ አልጸናም አለ፤ ውሻው አልሻገርም አለ።

እማማ ብዙነሽ ቤት ሲገቡ አሮጊቷ ምድጃው ላይ እንስራ ደፍተው እሳቱን ጣሪያው ከሚያፈሰው ዝናብ ይከልላሉ።

«ጨውስ ነበረኝ ልጆቼ፤ ግን ይሄ ጣሪያ ሳይደፈን ከዚህ ንቅንቅ አልልም። እሳቴ ይጠፋል። ለክዳን የሚሆነው የጓሳ ሣር ታጭዶ ደጅ ተከምሯል፤ የጠፋው የሚወጣ ሰው ነው።»

ጣሪያው አልደፈንም አለ፤ እማማ ጨው አልሰጥም አሉ፤ በሬው አልጎትትም አለ፤ ድንጋዩ አልነቃነቅም አለ፤ ድልድዩ አልጸናም አለ፤ ውሻው አልሻገርም አለ።

ሽታዬ ጋቢዋን አውልቃ ለይርገዱ ሰጠች። «እኔ እወጣለሁ።»

«ሴት ልጅ ጣሪያ ላይ? ወንዶቹ ምን ይላሉ?» አሉ እማማ።

«ወንዶቹማ ሲያፈስ እያዩ ነው የከረሙት።»

አስካለ ትከሻዋን ሰጠቻት። ሽታዬ ወጣች። ዝናቡ ጀርባዋን እየገረፋት፣ ጣቷ እስኪደነዝዝ ሣሩን ጠቀጠቀች፤ አሰረች። ከታች እማማ «በቃ፣ ማፍሰሱ ቆመ» ሲሉ ሰማች። ስትወርድ ፊቷ ያበራል።

ጣሪያው ተደፈነ፤ እማማ ጨው ሰጡ፤ በሬው ጨው ላሰ፤ ላሰና ጎተተ፤ ድንጋዩ ተነቃነቀ፤ ተንሸራቶ ከድልድዩ ሥር ገባ፤ ድልድዩ ጸና።

አይበገሬ አንድ እግሩን አሳረፈ። ሌላውን ጨመረ። ከዚያ ጭራውን ቀስሮ፣ እንደ ባላባት እየተጎማለለ ተሻገረ። ዳልቻ ተከተለችው። ሦስቱ ሴቶችም ተከተሉ።

ማዶ አንዲት እንጨት የተሸከመች ሴትዮ ቆማ ታያለች። ከድልድዩ ወድቃ ጎርፍ ሊወስዳት ከነበረበት ቀን ወዲህ በዚህ አልፋ አታውቅም። በእግሯ ነካ አድርጋ ሞከረችው፤ አልተነቃነቀም።

«ማነው ያጸናው?» አለች።

ሽታዬ ልትመልስ ስትል አስካለ ቀደመቻት። «እሷ ናት። ጣሪያም ከድናለች። ማንነቷን ያላወቀ ካለ ይወቅ።»

ሽታዬ ጋቢዋን ከይርገዱ ተቀብላ አጣፋች፤ አንገቷን ቀና አደረገች፤ ወደ አራሷ ቤት ከፊት ሆና መራቻቸው።